ሰኞ ጠዋት የማያሳፍር ሰርግ

የወንድሜ ሰርግ እሑድ ነበር። ሰኞ በማለዳ ስነሳ አባዬ ጋቢውን እንደተከናነበ ግቢው መሀል ቆሟል። እግሩ ሥር ሃይላንድ ተዘርሯል። አብዛኛው አንድ ጉንጭ ተጠጥቶለት የተተወ ነው። አጥሩ ላይ የፈነዳ ፊኛ ተንጠልጥሏል። "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ የት ልታደርሱት ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥራዬ ሒሳብ ነውና ቆጠርኩ። ቆሻሻው 11 ጆንያ ሞላ።

ቤታችን ከጣና በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ባሕር ዳር ላይ የተጣለ ነገር ወይ ሐይቁ ዳር ይከማቻል፣ ወይ ዓባይ ይዞት ይወርዳል።

በዓመቱ የእኔ ተራ ደረሰ። አንድ ሕግ አወጣሁ። ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት "ሰኞ ጠዋት የት ይሆናል?" ተብሎ ይጠየቃል። ለባለቤቱ የሚመለስ ከሆነ ይግባ። ሰው ወይም ከብት የሚበላው ከሆነ ይግባ። ሌላ ቀን የሚለበስ ከሆነም ይግባ። መልስ ከሌለው ይቅር። እማዬ መጀመሪያ ላይ "ልታዋርጂኝ ነው" ብላ ነበር። እናንተም ቤት ይህ ቃል መምጣቱ አይቀርም፤ ተዘጋጁ።

ከሁሉ በፊት የሰው ቁጥር ላይ ተቀመጡ። ከባዱ እሱ ነው። የእማዬ ዝርዝር ብቻ 290 ስም ነበረው። "ልጇን ስትድር ጠርታኛለች" የሚባሉትን መሰረዝ አይቻልም፤ ብድር ነው። እኛ ያደረግነው ሰውን ማከፋፈል ነው። ለመልስ የሚሆነውን ለመልስ፣ ለቅልቅል የሚሆነውን ለቅልቅል። ለዋናው ቀን 240 ቀረን። የጥሪ ካርድ ያሳተምነው 70 ብቻ ነው፣ ለትልልቅ ሰዎች። ሌላው በቴሌግራም ተጠራ። ማንም አልቀረም፣ እንዲያውም ያልተጠራም መጣ።

ቀጥሎ ወደ እድር ሂዱ። ዲኮር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማለቴ ነው። የእኛ እድር ዕቃ ቤት ውስጥ ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ አለ። አክስቴ "በለቅሶ ሳህን ልታበይን ነው?" ብላ አፏን ያዘች። አባዬ ሳቀ። "እትዬ፣ የልጅሽ ክርስትና ጊዜ ዶሮው የተሠራው በማን ድስት ነበር?" ሲላት ነገሩ አለቀ።

ብርጭቆው ግን 150 ብቻ ነበር። የጎደለውን ከአንድ ዕቃ አከራይ ያዝን፣ ቀብድም ከፈልን። እሑድ ጠዋት ሰውዬው በፌስታል የታሰረ የፕላስቲክ ኩባያ ይዞ መጣ። "ብርጭቆው ሌላ ሰርግ ላይ ነው" አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው አያጋጥማችሁ። ሁለት ባጃጅ ልከን ከየጎረቤቱ ብርጭቆ ለቀምን። አበባ ያለበት፣ ወርቅማ ጠርዝ ያለው፣ የሻይ፣ የውሃ፣ ሁሉም ተቀላቀለ። ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር ካሰብነው በላይ አማረ። ቢሆንም የተከራያችሁትን ብርጭቆ ሐሙስ ዕለት በእጃችሁ ቆጥራችሁ ተረከቡ።

ወደ ውሃው ልምጣ። ለወንድሜ ሰርግ 800 ሃይላንድ ገዝተን ነበር። ለእኔ ባለ 20 ሊትር ጋሎን 14 አስመጣን። 280 ሊትር ማለት ነው፣ ለአንድ ሰው ከአንድ ሊትር በላይ። ባዶ ጋሎኑ ለሻጩ ይመለሳል። ጋሎን ጠረጴዛ ላይ አያምርም፤ ስለዚህ ውሃውን አራት እንስራ ውስጥ ገለበጥነው። ሸክላ ውሃ ያልበዋል። ላቡ ከውጭ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ያለ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። አዲስ እንስራ ግን የጭቃ ጣዕም አለው። ሦስት ቀን ቀድማችሁ ውሃ እየሞላችሁ ድፉ፣ ከዚያ በወይራ እጠኑት። አንድ ጋሼ ከጠጡ በኋላ "ይሄ ነገር ምን ገብቶበታል?" እያሉ ሦስቴ አስቀዱ። አንድ ነገር አትርሱ፤ ሰው "የቧንቧ ነው እንዴ?" ብሎ ይጠረጥራል። ጋሎኑ ሲገለበጥ እንዲያይ እዚያው ፊቱ አድርጉት።

ለስላሳና ቢራ በጠርሙስ ብቻ። ሳጥኑ ከነባዶው ይመለሳል። ጠላውማ ድሮም ንጹሕ ነው፣ አተላው የጎረቤት ላሞችን ሁለት ቀን አጠገበ።

ምግቡን የወጥ ሠሪዎቹ አለቃ ትወስን፤ እናንተ የእንጀራውን ቁጥር ብቻ ያዙ። እኛ ለአንድ ሰው ሁለት ብለን አስበን ተረፈ። የተረፈው ሰኞ ተቆራርጦ ሰሌን ላይ ተሰጣ፣ ድርቆሽ ሆነ። ለመጋገሪያው "ምርጥ" የሚባለውን እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ካገኛችሁ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ እንጨት ይቆጥባል፣ የጋጋሪዎቹንም ዓይን ያተርፋል። ወጡ ግን ሰኞን አይጠብቅም። እሑድ ማታ መከፋፈል አለበት። አክስቶቻችን በፌስታል እንደሚቋጥሩ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ አስቀድሜ "ክዳን ያለው ሳህን ይዛችሁ ኑ" ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ በግልጽ ተፈቀደላቸው ማለት ነው። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ እናንተ ከእኔ የተሻለ ሰበብ አላችሁ።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለበስነው ካባ የደብሩ ነው፣ ከእኛ በፊትም ከእኛ በኋላም ሙሽራ ይለብሰዋል። ለድግሱ የሸማኔ ጥበብ አሠራሁ። አማቴ ቬሎ ካላየሁ አሉ፤ ለግማሽ ቀን ተከራየሁላቸው። የተከራዩት ቬሎ ጥፋት የለውም። ገዝቶ ሣጥን ውስጥ መቅበር ነው የሚያስቆጨው። ሚዜዎቼ ሸማቸውን ጥምቀት ላይ ለብሰው ወጡ፣ ሰርጌ ገና ሳምንት ሲቀረው። እማዬ "ልብሱ ታየ!" ብላ ተቆጣች። እኔ ግን የፈለግኩት ያንን ነበር።

አሁን ዲኮር። እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ ሥሩ፣ ሰው የሚያስታውሰው ይሄን ነው። ፊኛና ፎም ቀረ። በምትኩ ከዘመድ ሁሉ ሰፌድ ሰበሰብኩ፤ 43 መጣልኝ። የሐረጉ ሥራ አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። ከሙሽሮች መቀመጫ ጀርባ በገመድ ደርድረን ሰቀልናቸው፣ ትልልቁን ከመሀል፣ ትንንሹን ወደ ዳር። ከእያንዳንዱ ጀርባ የባለቤቷ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። የገቡት እናቶች ሁሉ መጀመሪያ የራሳቸውን ፈለጉ። "ያቺ ሦስተኛዋ የእኔ ናት" ሲባባሉ ዋሉ። የእድሩ ነጭ ድንኳን ከዚያ በኋላ ለቅሶ አልመሰለም።

ቄጠማ ሙሽሮች የሚገቡበትና ቡናው የሚፈላበት ላይ ብቻ ይነስነስ። የጣና ዳር እርጥብ መሬት ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበው ያለ ነገር አይደለም። ድንኳን ሙሉ ማጨድ አያስፈልግም።

በጥር አደይ የለም። የእጅ አበባዬ ከግቢያችን የተቆረጠ ቡገንቪል ነበር፣ መሀሉ ላይ ጤና አዳም። ቡገንቪል ቶሎ ይጠወልጋል፣ በዕለቱ ጠዋት ቁረጡት። ጤና አዳሙ ሰኞ ከዘጌ ቡና ጋር ተጠጣ። አንዷ ሚዜዬ ሐምራዊ ነው ብላ የእምቦጭ አበባ ልትቀጥፍ ነበር፤ ጮኽኩባት። እውነት ነው፣ ያምራል። ግን ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣናን የወረረው እሱ ነው። ከቁራጭም ይበቅላል፣ ዘሩም ዓመታት ይቆያል። ለፎቶ እንኳ አትንኩት።

መኪና አላበዛንም። አንድ ለሙሽሮች፣ ሁለት ሚኒባስ ለሽማግሎችና ለቤተሰብ። የባሕር ዳር ልጅ ብስክሌት መንዳት አይቸግረውም፤ የወንድሜ ጓደኞች ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጥለው በዘንባባው ሥር በ16 ብስክሌት አጀቡን። የደወሉ ጩኸት ከመኪና ጥሩምባ ይልቅ ደስ ይላል።

የታንኳ ፎቶ የምትፈልጉ፣ ለባለ ታንኳው ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። ታንኳ የመሥራቱን ጥበብ ይዘው የቆዩት "ነገደ" የሚባሉት የጣና ዳር ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይመጥጣል፤ ታንኳ ከሐይቁ ሲወጣ ቆሞ እንዲደርቅ የሚደረገው ለዚህ ነው። ባለቤቴ ያልደረቀው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። የቀሩት ፎቶዎች ሁሉ ከወገቡ በላይ ናቸው። ሰሌን አንጥፉበት።

የመጨረሻው ሥራ ከመምሸቱ በፊት ነው። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ማታ የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ይዞርና ወደ ሐይቁ ይሆናል። ያልተነሳ ሶፍትና ወረቀት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ሦስት ጆንያ ለሦስት ልጆች ስጡ፣ አንዱን ለላስቲክ፣ አንዱን ለቆርቆሮ፣ አንዱን ለሌላው። ላስቲኩና ቆርቆሮው ተሸጦ ገንዘቡ የነሱ ይሆናል በሏቸው። የእኛዎቹ ሰኞ በማለዳ ቆራሌውን በር ላይ ጠበቁት፣ ዋጋም ተከራከሩት።

አባዬ ያን ዕለትም ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ጆንያው ሦስት ብቻ ነበር፣ አንዱም አልሞላም። እኔ ሰፌዶቹን በስም እየጠራሁ ባጃጅ ላይ ጫንኩ። 42 ሆነ። ድጋሚ ቆጠርኩ፣ 42። የጎደለው የአክስቴ ነው፤ ያችው በለቅሶ ሳህን ልታበይን ነው ያለችው። እስከዛሬ ባየችኝ ቁጥር ትጠይቀኛለች።