ጋዝ ወደ ተኳሹ ሲመለስ ምክንያቱን ከቀለሁ ማንበብ

ዳግም የተሞላ፣ ማለትም በተተኮሰ ቀለህ የተሠራ፣ ጥይት ሲተኮስ ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ቢመለስ፣ ጎንደር ውስጥ መጀመሪያ የሚወቀሰው ጠመንጃው ነው። እኔም ከአባቴ የወረስሁትንና በስሜ የተመዘገበውን፣ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰውን ቤልጅግ «አረጀ» እያልሁ ስወቅስ ከርሜ፣ ጥፋቱ ደጋግሞ ከተሞላው ቀለህ ተገኘ።

ጋዝ እንደተሰማዎት መተኮስዎን ያቁሙ። ድምፁ ደካማ ከነበረ ወይም ጥይቱ ካልተኮሰ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዙ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ከዚያም ጠመንጃውን ባዶ አድርገው፣ መዝጊያውን አውጥተው፣ አረር አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ እንደሆነ ከኋላ በኩል ይመልከቱ። የፀሐይ መነጽር የዓይን መከላከያ አይደለም።

ቀጥሎ ቀለሁን በብርሃን ያገላብጡት። በአንገቱ ላይ ብቻ ያለ ስስ ጥላሸት አያሳስብም። ጥላሸቱ ትከሻውን አልፎ ወደ ወገቡ ከወረደ ግን የቀለሁ ናስ ተለጥጦ የጥይቱን ማደሪያ አልደፈነም ማለት ነው፤ ይህም የሚሆነው ባሩዱ አንሶ ግፊቱ ሲደክም፣ ወይም ናሱ በተደጋጋሚ ሙሌት ደርቆ መለጠጥ ሲያቅተው ነው። ከቀለሁ ግርጌ ባሩዱን በሚያቀጣጥለው ካፕሱል ዙሪያ ጥቁር ክብ ካለ መቀመጫው ሰፍቷል። ካፕሱሉ ከተበሳ ደግሞ ወይ ግፊቱ ከልክ አልፏል፣ ወይ የመምቻው መርፌ ጫፍ ተበላሽቷል።

እኔን ያሳሳተኝ ከቀለሁ ግርጌ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚታይ የሚያብረቀርቅ መስመር ነው። ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰው መሣሪያም ተመሳሳይ ጭረት ስለሚተው፣ እኔ ያ ነው ብዬ በጨርቅ ወልውዬ አለፍሁት። በሚቀጥለው ተኩስ ቀለሁ ለሁለት ተበጠሰና የፊተኛው ግማሽ ማደሪያው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ቤልጅግ የማውዘር 98 ዓይነት በመሆኑ በመዝጊያው ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጋዝ ወደ ግራ አስወጡልኝ፤ ቅንድቤን ግን ለበለበኝ።

ስለዚህ በዓይን ብቻ አይፍረዱ። የቀጭን ብረት ሽቦን ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አጥፈው በሞረድ ያሹሉት፤ በባዶው ቀለህ አፍ አስገብተው ከውስጠኛው ግርጌ ጀምሮ ግድግዳውን እየተጫኑ ወደ ላይ ይሳቡት። ከመስመሩ ትይዩ እንደ ቦይ ያለ ነገር ከያዘው ናሱ ከውስጥ ሳስቷል። እጅዎ እስኪለምድ ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ በተተኮሰ ቀለህ ያስተያዩ፤ ከተጠራጠሩም አንዱን ባዶ ቀለህ በመጋዝ ቁመቱን ሰንጥቀው ይዩት።

ናሱ የሚሳሳው በመዝጊያውና በጥይቱ መካከል ትርፍ ክፍተት ሲኖር ነው። ይህ ክፍተት የሚመጣው ከጠመንጃው መበላት፣ አለዚያም ሲሞላ የቀለሁ ትከሻ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከመገፋቱ ነው። ለመለየት ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ማደሪያው ውስጥ በሚገቡ አጭርና ረጅም መለኪያዎች ይሞክረው፤ መዝጊያው በአጭሩ መለኪያ ላይ መዘጋት፣ በረጅሙ ላይ ግን እምቢ ማለት አለበት። በረጅሙም ላይ ከተዘጋ ሰፍቷልና አይተኮስበትም። ጠመንጃው ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ የሙሌቱ ነው። የቀለሁን ግርጌ በፕላስተር እያወፈሩ ክፍተቱን የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላምነውም።

ቦይ የተገኘበትን ባዶ ቀለህ ወዲያው በመዶሻ እጠፈጥፈዋለሁ፤ ሳልጠፈጥፍ የተውሁት አንዱ ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅሎ አግኝቼው አውቃለሁና።