የአልኮሎችን ነጥበ ፍሌት ስታነጻጽሩ ተጠንቀቁ

የተማሪ ወረቀት ባረምኩ ቁጥር ይህን አነባለሁ፦ «ኢታኖል ሲፈላ በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ቦንድ ይበጠሳል።» አይበጠስም! ኢታኖል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ እንፋሎቱም ያው ኢታኖል ነው፤ ሲቀዘቅዝም ኢታኖል ሆኖ ይንጠባጠባል። ቦንዱ የሚበጠስ ቢሆን ኖሮ አልኮልን አንጥሮ መለየት ባልተቻለ ነበር። የሚላቀቀው የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን የያዘበት የሃይድሮጅን ቦንድ ነው። ለዚህ በሞል 20 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል፤ በሞለኪውሉ ውስጥ ኦክስጅንንና ሃይድሮጅንን የሚያያይዘውን ኮቫለንት ቦንድ (በጋራ ኤሌክትሮኖች የሚሠራውን) ለመበጠስ ግን ከ400 በላይ ይጠይቃል። እባካችሁ፣ «በሞለኪውሎች መካከል» የሚለውን ሳትጽፉ ወረቀቱን አታስረክቡ።

ኦክስጅን ያለው ሁሉ እርስ በርሱ የሃይድሮጅን ቦንድ ይሠራል ብላችሁም አትገምቱ። ዳይሜትል ኢተር ከኢታኖል ጋር አንድ ዓይነት አተሞች በእኩል ቁጥር አሉት፤ ክብደታቸውም እኩል ነው። ነገር ግን ከኦክስጅኑ ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን ስለሌለው ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ሁሉንም ነገር በሃይድሮጅን ቦንድ ማስረዳትም ያሳስታል። ሜታኖል በ65፣ ኢታኖል በ78፣ 1-ፕሮፓኖል በ97፣ 1-ቡታኖል በ118 ዲግሪ ይፈላሉ። አራቱም ያላቸው አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተያይዘው፣ OH) ብቻ ነው። ታዲያ ጭማሪው ከየት መጣ? ከካርቦን ሰንሰለቱ ርዝመት ነው፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ኤሌክትሮኖቹ ይበዛሉ፣ የለንደን ኃይልም (ሞለኪውሎች ሁሉ በኤሌክትሮኖቻቸው እንቅስቃሴ የተነሳ እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል) ይጠነክራል።

የካርቦን ቁጥር ብቻ ቆጥረው የሚመልሱትን የምይዝበት ጥያቄ አለኝ፦ 2-ፕሮፓኖልና ተርሸሪ ቡታኖል (ሃይድሮክሲሉ ሦስት ካርቦኖች ከተያያዙበት ካርቦን ላይ ያለ፣ ቅርንጫፋማ ቡታኖል)፣ የትኛው ቀድሞ ይፈላል? ሁለተኛው አንድ ካርቦን ቢበልጥም ሁለቱም 82 ዲግሪ አካባቢ ይፈላሉ። ቅርንጫፍ የበዛበት ሞለኪውል ድቡልቡል ስለሚሆን ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበት ገጽ ያንሳል፤ በሃይድሮክሲሉ ዙሪያ የተጨናነቁት ካርቦኖችም ሌላውን ሞለኪውል እንደልብ አያስጠጉም። ይህን ሕግ ግን ወደ ነጥበ ቅልጠት አትውሰዱት! ድቡልቡሉ ተርሸሪ ቡታኖል በጠጣርነቱ በደንብ ስለሚደረደር የሚቀልጠው 25 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቀጥ ያለው 1-ቡታኖል ግን ከዜሮ በታች 89 ላይ።

የሃይድሮክሲሎቹንም ብዛት ቁጠሩ። ኤትሊን ግላይኮል በክብደት ከ1-ፕሮፓኖል እምብዛም አይበልጥም፤ ሁለት ሃይድሮክሲል ስላለው ግን በ197 ዲግሪ ይፈላል።