አሮጌ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ሲገዙ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ግድግዳዬ ላይ አንድ ረጅም የጣሊያን ጠመንጃ ተሰቅሏል። የገዛሁት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሮጌ መሣሪያ ከሚሸጥበት አንድ ባዛር ነው። ሻጩ «ከኢትዮጵያ የመጣ ነው፤ አድዋ ላይ የተማረከ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁትም። ዋጋ እንኳን አልተከራከርኩም። ቤት ገብቼ በርሜሉን በጨርቅ ወለወልኩና በመብራት አየሁት። 1917 ይላል። ጦርነቱ ካለቀ ከ21 ዓመት በኋላ የተሠራ!

እንዲህ የምንሸወደው ብዙ ነን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገበያ ገብተዋል። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ቤልጅጉ፣ ምን የሌለ አለ። ፈረንጁ ሰብሳቢ ቁጥርና ማህተም እያየ ይገዛል። እኛ ደግሞ አያታችንን እያየን።

ታሪኩን ሰምቶ ብረቱን አለማንበብ

የኔ ስህተት ይሄ ነው። አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር በብዛት የያዘው በ1891 የወጣውን ካርካኖ የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ አልነበረም፤ አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። ቬተርሊ 10.4 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል። ስለዚህ ካርካኖ ይዞ «አድዋ» የሚል ሻጭ ገና ከመነሻው ጥርጣሬ ይገባዋል።

ቬተርሊ ከሆነስ? እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ ሲያጥራቸው ብዙ ቬተርሊዎችን በርሜላቸው ውስጥ ሌላ ቱቦ እየከተቱ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ቀየሯቸው። ይሄ የሆነው ከ1915 ጀምሮ ነው። አድዋ ላይ የተማረከ ጠመንጃ ያኔ እኛ እጅ ነው ያለው፤ ማን ጣሊያን ወስዶ ይቀይረዋል? 6.5 የሚጎርስ ቬተርሊ ካዩ፣ በ1896 ከጣሊያን እጅ አልወጣም ማለት ነው። የአፈሙዙን ስፋት ማየት ብቻ ሺህ ወሬ ያስቀራል።

አቆጣጠር ማምታታት

ይሄ የፈረንጅ ሰብሳቢ የማያውቀው፣ የኛው ብቻ ስህተት ነው። አንድ ወዳጄ ፎቶ ልኮልኝ «ይኸው 1888 ተጽፎበታል፤ የአድዋ ዓመት!» አለኝ። የካቲት 23 ቀን 1888 እኛ ጋ ነው። ፋብሪካው የመታው 1888 በፈረንጅ ነው፤ ከጦርነቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ። እርግጥ እንዲህ ያለ ጠመንጃ አድዋ ሊደርስ ይችላል። ግን ዓመቱ የሚመሰክረው መቼ እንደተሠራ ብቻ ነው። ሻጩም ይሄን ስሜታችንን ካወቀ ዋጋውን ይቆልለዋል።

የጣሊያን መሣሪያ ላይ ከዓመቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር ካዩ ደግሞ የፋሺስት አቆጣጠር ነው። መነሻው የ1922 ኦክቶበር ነው። 14 የሚል ከሆነ ከ1935 ኦክቶበር እስከ 1936 ኦክቶበር ያለው ጊዜ ነው። የወረራው፣ የማይጨው ዓመት ማለት ነው። ለኔ እንዲያውም ይሄ ከሐሰተኛ የአድዋ ወሬ ይበልጣል።

በቤት ስም መግዛት

አባቶቻችን ለጠመንጃ ያወጡት ስም ደስ ይላል። ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ነው፤ የ1874ቱ ሞዴል። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው። ለበን የፈረንሳዩ ለቤል ነው። ቤልጅግ ከስሙ ያስታውቃል። ችግሩ በየቤቱ ስሙ እየሰፋ መሄዱ ነው፤ አንዳንዱ ያገኘውን ሁሉ ምንሽር ይላል። በቤት ስም ብቻ ተስማምተው ገንዘብ አይላኩ። ሞዴሉን፣ ፋብሪካውንና የጥይቱን ልክ ይጠይቁ። ሻጩ ሦስቱን መናገር ካልቻለ ወይ አያውቅም፣ ወይ ይደብቃል።

«ቁጥሩ ገጥሟል» ሲባል ማመን

የክፍሎቹ ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ግን የትኛው ክፍል ላይ ቁጥር መኖር እንዳለበት እንደ ጠመንጃው ይለያያል። የጀርመኑ ማውዘር ላይ ትንንሹ ክፍል ሳይቀር ቁጥር አለው። ካርካኖ ላይ ግን የሚመሳከረው በርሜሉና እንጨቱ ነው፤ መቀርቀሪያው በተለምዶ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ሻጩ «የካርካኖው መቀርቀሪያም ቁጥሩ ገጥሟል» ካለዎት አይደሰቱ፣ ይጠርጥሩ። ተፍቆ እንደገና የተመታ ቁጥርም አለ። አካባቢው ጎድጎድ ካለ፣ ወይም አሃዞቹ ከሌሎቹ በቅርጽ ከተለዩ እጅ ገብቶበታል።

አንበሳ ሲያዩ ማበድ

ለዘውዱ መንግሥት ከተሠሩ የቤልጅግ ማውዘሮች አንዳንዶቹ ላይ የሞዓ አንበሳ ምልክት አለ። እንዲህ ያለው ይወደዳል። ስለሚወደድም ይፈበረካል። የፋብሪካ ማህተም ከጠመንጃው ጋር አብሮ ያረጃል፤ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቀለም ከዙሪያው ብረት ጋር ይመሳሰላል። ጠርዙ ስለታም ሆኖ ውስጡ የሚያበራ ከሆነ አንበሳው ትናንት የተወለደ ነው።

ማጽዳት፣ መጠገን፣ ማሳመር

በዚህ አንድ ነገር ላይ ከብዙ ሰብሳቢ ጋር አልስማማም። እነሱ እንጨቱ የተሰበረውን፣ በጠፍር የታሰረውን፣ ሰደፉ ላይ ሚስማር የተመታበትን «የተበላሸ» ብለው ዋጋ ይቀንሱበታል። ከፋብሪካ እንደወጣ ለሚፈልግ ልክ ናቸው። ከኢትዮጵያ ለመጣ ጠመንጃ ግን ያ ጠፍር ራሱ ታሪኩ ነው። የኔው የ1917ቱ አንገቱ ላይ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሯል። አንድ ሰው ተራራ ላይ፣ ፋብሪካ በሌለበት፣ እንጨቱ ተሰንጥቆበት በእጁ የጠገነው ነው። የአድዋ አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ሊጥለው ያልፈለገው ጠመንጃ ነው። ይሄን ፈትቶ፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቫርኒሽ የቀባ ሰው ታሪኩንም ማህተሙንም ዋጋውንም አብሮ ፍቆታል። የተወለወለ አይግዙ። የገዙትንም አይወልውሉ፤ ትንሽ ዘይት በጨርቅ ይበቃዋል።

የቀሩትን ቶሎ ልበል

የተጠየቀ ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ተመሳሳዩ በጨረታ በስንት እንደተሸጠ ይዩ። ባለሙያ ሳያየው ለመተኮስ አይሞክሩ፤ በተለይ ወደ 6.5 የተቀየረውን ቬተርሊ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ቅርስ ታይቶ ከብዙው ቁጥጥር ነፃ ነው። ይሄም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! ከዚያ በኋላ የተሠራው ግን ሕጉን ተከትሎ የሚሸጥ ሲሆን፣ የየስቴቱ ሕግም ይለያያል። «እናቴ ቤት ያለውን የአያቴን ጠመንጃ ላምጣው» የሚሉም አሉ። አገር ቤት ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ሻንጣ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ጠበቃ ያናግሩ።