ኢሜይሉን ከፍተውታል፣ ግን አልገዙም፦ የማስታወቂያ ኢሜይል ሊንክ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አንዲት ወዳጄ ትንሽ የኦንላይን ሱቅ አላት። ውጭ ያሉ ልጆች አገር ቤት ላሉ ወላጆቻቸው በግ፣ ዶሮ፣ ኬክ የሚልኩበት ነው። ጳጉሜን ላይ ለደንበኞቿ ሁሉ የእንቁጣጣሽ ኢሜይል ላከች። ኢሜይሉ ተከፈተ፤ ትዕዛዝ ግን ጠፋ። ማታ ላይ አንድ የዋሽንግተን ደንበኛዋ ስክሪንሾት ላከላት። ሊንኩን ሲነካው ክሮም ማስጠንቀቂያ አውጥቶ አላሳልፍም ብሎታል። «ሳይቴ እኮ ኤችቲቲፒኤስ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሳይቷ መረጃውን መስጥሮ በሚልከው በኤችቲቲፒኤስ ነው የሚከፈተው። ደንበኛው የነካው ሊንክ ግን እሷ የጻፈችው አልነበረም።

በኢሜይል መላኪያ አገልግሎት ስትልኩ፣ ማን ምን እንደነካ ለመቁጠር አገልግሎቱ የጻፋችሁትን አድራሻ አውጥቶ የራሱን ይተካል። ደንበኛው መጀመሪያ መቁጠሪያው ሰርቨር ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ነው ወደ እናንተ ሳይት የሚላከው። ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ኢሜይሉን ለራሳችሁ ላኩ። በኮምፒውተር ክፈቱት፣ ሊንኩን ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። በኤችቲቲፒ (ባልተመሰጠረው) ነው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምረው? ዶሜይኑ (የሳይቱ ስም) የማን ነው? ሲከፈትስ ያስጠነቅቃል? መልሱን ይዛችሁ ከታች የእናንተን ችግር ፈልጉ።

ሊንኩ ሲነካ ብራውዘሩ ያስጠነቅቃል

ምክንያት፦ መቁጠሪያው በእናንተ ስም እንዲታይ ንዑስ ዶሜይን (ከዋናው ስማችሁ ሥር ያለ ስም) ከፍታችሁ በሲኔም (አንዱን ስም ወደ ሌላው በሚመራ መዝገብ) ወደ አገልግሎቱ መርታችሁታል። ስሙ የእናንተ ነው፤ ሰርቨሩ ግን የእነሱ። የሳይታችሁ ሰርተፍኬት (ኤችቲቲፒኤስ እንዲሠራ የሚያስፈልገው የማንነት ማረጋገጫ) የተቀመጠው እናንተ ሰርቨር ላይ ስለሆነ እዚያ አይረዳም። ለዚያ ንዑስ ዶሜይን የሚሆን ሰርተፍኬት እነሱ ጋ መኖር አለበት።

የሚያወዛግበው አንዱ ጋ እየሠራ ሌላው ጋ እምቢ ማለቱ ነው። ወዳጄ ራሷ በሌላ ሰው ስልክ ሞክራ «ይሠራል» ብላ ነበር። ጥፋተኛው ኤችኤስቲኤስ የሚባለው ቅንብር ነው። ዋናው ሳይት ለብራውዘሩ «እኔም ንዑስ ዶሜይኖቼም በኤችቲቲፒኤስ ብቻ» ይለዋል፤ ብራውዘሩም ያስታውሳል። ከዚህ በፊት ሳይቱን የጎበኘ ሰው ሊንኩ በኤችቲቲፒ ቢጻፍም በግድ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ይዞራል፤ እዚያ ሰርተፍኬት የለም፤ «ይሁን ግድ የለም» ብሎ ማለፊያም አይሰጠውም። ጎብኝቶ የማያውቅ ሰው ግን ሳይታወቀው ያልፋል። የሚመቱት እንግዲህ የቆዩት ደንበኞች ናቸው፤ ገንዘብ የሚያወጡት! ዶሜይናችሁ በዶት አፕ ወይም በዶት ዴቭ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሁሉም ጋ ነው። ብራውዘሮች ለእነዚህ ከመነሻው ኤችቲቲፒኤስ ብቻ ነው የሚቀበሉት።

መፍትሄ፦ በአገልግሎቱ ቅንብር ውስጥ የመቁጠሪያ ዶሜይኑን ኤስኤስኤል (ኤችቲቲፒኤስን የሚያበራውን ቅንብር) አብሩ። ብዙዎቹ ሰርተፍኬቱን ራሳቸው ያወጣሉ። እምቢ ካለ ዲኤንኤሱን (የዶሜይናችሁን መዝገቦች) እዩ። ዲኤንኤሱ ያለው ክላውድፍሌር የሚባለው አገልግሎት ላይ ከሆነ የሲኔሙ ብርቱካናማ ደመና (ጎብኚው በክላውድፍሌር በኩል ይለፍ የሚለው ምልክት) ማረጋገጫውን እየጋረደ ሊሆን ይችላል፤ ግራጫ አድርጉት። (አንዳንድ አገልግሎት ግን ሰርተፍኬቱን ከፊት ባስቀመጣችሁት ሲዲኤን (እንደ ክላውድፍሌር ከሰርቨሩ ፊት ሆኖ ጎብኚውን በሚቀበል አገልግሎት) እንድታመጡ ይጠይቃል፤ ያኔ ደመናው ብርቱካናማ ይሁን። መመሪያቸውን አንብቡ።) ሲኤኤ የሚባል መዝገብ (ለዶሜይናችሁ ማን ሰርተፍኬት መስጠት እንደሚችል የሚናገር) ካላችሁ ሰርተፍኬት ሰጪውን እዚያ ጨምሩት፤ ስሙ ከሌለ አይሰጣችሁም።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ሰርተፍኬቱ ይቅደም፣ ከዚያ ሊንኩን ወደ ኤችቲቲፒኤስ ቀይሩ። አለዚያ እስከዛሬ ይሠራላቸው የነበሩትም ይቆማሉ።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የተላከው ኢሜይል ውስጥ ያለው ሊንክ የሚሄደው ወደዚያው ስም ስለሆነ፣ ሰርተፍኬቱ ሲገባ የቆየው ኢሜይልም አብሮ ይድናል። ወዳጄ ደንግጣ ሁለተኛ ልትልክ ነበር፤ እጇን ያዝኩት።

ሲሠራ ቆይቶ ሦስት ወር አካባቢ ላይ ከቆመስ? ሰርተፍኬት በነፃ የሚሰጠው ድርጅት የሌትስ ኤንክሪፕት ሰርተፍኬት ዕድሜው በተለምዶ 90 ቀን ነው። በመሐል ዲኤንኤስ የነካ ሰው ካለ እድሳቱ ከሽፎ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ ቀኑ ሲቃረብ በኢሜይል ያስታውስ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ግን ትቶታል።

ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ይገባል

ኤችቲቲፒኤስ ብቻውን ኢንቦክስ አያስገባም። ሰርተፍኬት በነፃ ይገኛል፤ አጭበርባሪውም አለው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የዶሜይኑን ስም ነው።

አንደኛው ምክንያት የሚታየውና የሚከፈተው አለመመሳሰሉ ነው። ጽሑፉ ላይ የሳይታችሁን ሙሉ አድራሻ ጻፋችሁ፤ ከሥሩ ያለው ግን የመቁጠሪያው ሊንክ ሆነ። ይሄ የአስጋሪዎች (በሐሰተኛ ሊንክ ሰው የሚያጠምዱ አጭበርባሪዎች) ዓይነተኛ ዘዴ ስለሆነ ማጣሪያው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አድራሻውን አውጡና «አሁን እዘዙ» የሚል ቃል አድርጉበት።

ሁለተኛው ጎረቤት ነው። የአገልግሎቱን የጋራ መቁጠሪያ ዶሜይን ከተጠቀማችሁ፣ በዚያው ዶሜይን ሌላው የሚልከው ቆሻሻ ለእናንተም ይተርፋል። ስፓምሃውስን የመሳሰሉ የስፓም ጥቁር መዝገቦች በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ዶሜይን ጭምር ይመዘግባሉ። ሊንክ ማሳጠሪያም ያው ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ የለጠፍነውን አጭር ሊንክ እንዳለ ኢሜይል ውስጥ መክተት ለምደናል፤ ተዉት። ላኪው አድራሻ ላይ ካለው ዶሜይን ሥር ንዑስ ዶሜይን ክፈቱ፤ ሰርተፍኬቱን ከላይ እንዳልኩት አስገቡለት።

ኤችቲቲፒ የሚጎዳው በተዘዋዋሪ ነው። ክሮም ከጁላይ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ገጽ ደህንነቱ ያልተጠበቀ ይለዋል። የተጠራጠረ ሰው ተመልሶ «ስፓም» የሚለውን ይጫናል። ጂሜይል ደግሞ የቅሬታው መጠን 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይፈልጋል።

በተላከ በሴኮንዶች ውስጥ ሁሉም ሊንክ ተነክቷል፤ ሳያውቁ ከዝርዝር የወጡም አሉ

ሰው አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኢሜይሎች ላይ ያሉ የደህንነት መፈተሻዎች ሊንኩን ቀድመው ይከፍቱታል። የመውጫው ሊንክ ገና ሲከፈት የሚያስወጣ ከሆነ ደንበኛችሁን ሮቦት አስወጣባችሁ። ገጹ መጀመሪያ «ልውጣ» የሚል ቁልፍ ያሳይ።

ጂሜይልና ያሁ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዛት ከሚልኩ ሰዎች የሚጠይቁት የአንድ ክሊክ መውጫ ሌላ ነው። እሱ በኢሜይሉ ራስጌ (ከጽሑፉ በላይ ባለው፣ ለአንባቢ በማይታየው መረጃ) ውስጥ ይቀመጣል፤ አድራሻው የግድ ኤችቲቲፒኤስ መሆን አለበት፤ የሚሠራውም በፖስት ጥያቄ (ገጽ ከመክፈት የተለየ፣ መረጃ በሚልክ ጥያቄ) ስለሆነ መፈተሻው ዝም ብሎ ቢከፍተው ማንንም አያስወጣም።

ጂሜይል ላይ ቀይ የተከፈተ ቁልፍ ይታያል

ይሄ ከሊንኩ ጋር አይገናኝም። ኢሜይሉ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲሄድ ቲኤልኤስ (በመንገድ ላይ የሚመሰጥረው) አልነበረውም ማለት ነው። ሊንኩን ተዉትና ላኪ ሰርቨራችሁን የሚያስተዳድረውን ሰው ጥሩ።