ከአልፋልፋ ፕሮቲን እንዴት ይወጣል?

ላም አልፋልፋ በልታ ወተት ትሰጣለች። የዶሮ ሆድ ግን አሰር አይችልም። ስለዚህ ፕሮቲኑ ደጃችን በቅሎ እያለ ፋጉሎና አኩሪ አተር እንገዛላታለን። ፕሮቲኑን ከአሰሩ መለየት ከተቻለ ዶሮዋም ትጠቀማለች። እንግሊዛዊው ባዮኬሚስት ፒሪ በ1940ዎቹ ሮትሃምስተድ በሚባለው የምርምር ጣቢያ ይህን መሥራት ጀመረ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ዴንማርኮች ከውጭ የሚያስገቡትን አኩሪ አተር ለመቀነስ ከሣርና ከአልፋልፋ በፋብሪካ ያወጡታል።

በትንሹ መሞከር ለሚፈልግ አሠራሩ ከአይብ አወጣጥ ብዙም አይርቅም።

አልፋልፋውን እምቡጥ ሲያወጣ፣ ሳያብብ እጨዱ። ካበበ በኋላ ግንዱ ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑም ይቀንሳል። ፀረ ተባይ የተረጨበትን ወይም የመኪና መንገድ ዳር የበቀለውን ተዉት። ከዚህ በኋላ መፍጠን ነው። ቅጠል ከታጨደ፣ ይልቁንም ከተፈጨ በኋላ የራሱ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን መሰባበር ይጀምራሉ። ጠዋት አጭዶ ማታ መጭመቅ ከንቱ ድካም ነው።

አጥባችሁ ከትፉና በሙቀጫ ውቀጡት፣ ወይም በሥጋ መፍጫ አሳልፉት። ጥሩ ካልደቀቀ ፕሮቲኑ ከቅጠሉ አይወጣም። ከዚያ በጠንካራ ጨርቅ ቋጥራችሁ ጨምቁ። እጅ ይደክማል፤ ከባድ ነገር ቢጫንበት ይሻላል። ወፍራም አረንጓዴ ጭማቂ ታገኛላችሁ።

ጭማቂውን ወዲያው በኃይለኛ እሳት ጣዱት። እስኪሞቅ ድረስ እንዳያር ከሥር በቀስታ አማስሉ። አረንጓዴው መቋጠር ሲጀምር ማማሰያውን አውጡ፤ አለበለዚያ ይበታተንና ማጥለሉ መከራ ይሆናል። ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ይበቃዋል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ሊፈላ ሲል አውርዱት። አረንጓዴው ከላይ ይሰበሰባል፣ ከሥር ቡናማ ውሃ ይቀራል።

ቀዝቀዝ ሲል በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ በውሃ ለቅለቅ አድርጉና በደንብ ጭመቁት። እርጥቡ ቶሎ ይበላሻል። በስሱ ዘርግታችሁ አየር በሚገባበት ጥላ አድርቁት፤ በጣት ሲነካ ፍርፍር ሲል ደርሷል። ቀለሙ ወደ ጥቁር የተጠጋ አረንጓዴ ነው። በትክክል ከተሠራ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው።

ብዙ አትጠብቁ። 10 ኪሎ እርጥብ አልፋልፋ አብዛኛው ውሃ ነው። በእጅ ሠርቶ 200 ግራም ደረቅ ያገኘ ጎበዝ ነው። ከፋጉሎው ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ በእሱ ተኩት። የእንቁላሉ አስኳል ደመቅ ያለ ቢጫ ሲሆን ታዩታላችሁ።

ለሰውስ? የአውሮፓ ኅብረት የአልፋልፋ ቅጠል ፕሮቲንን በ2009 ለምግብነት ፈቅዷል፤ ግን በቀን ከ10 ግራም እንዳይበልጥ ብሎ ነው፣ ያውም በፋብሪካ ቁጥጥር የተመረተውን። ቅጠሉ ሳፖኒን የመሳሰሉ የማይስማሙ ነገሮች ስላሉት ቤት የተሠራውን ለዶሮ ብቻ አድርጉት።

ቡናማው ውሃ ስኳርና ፖታሲየም አለበት። ፋብሪካዎቹ ባዮጋዝ ያወጡበታል። እናንተ በውሃ አቅጥናችሁ ለጓሮ አትክልት አጠጡት። ጭማቂው የወጣለት አሰር ደግሞ ገና ፕሮቲን አለው፤ ሳይሻግት በዚያው ቀን ለላም ወይም ለበግ ስጡት። እውነቱን ለመናገር ድካሙን የሚያካክሰው ይሄ ነው። ላምም በግም የሌለው ሰው ፋጉሎ ቢገዛ ይሻለዋል።