ኮርሱን ከጨረሳችሁ በኋላ፦ የአፊሊየት ማሰልጠኛ ኮሚዩኒቲ ውስጥ ለዓመታት እንዴት ይቆያል

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ አንድ የአፊሊየት ማርኬቲንግ ማሰልጠኛ ኮሚዩኒቲ (በየወሩ እየተከፈለ ኢንተርኔት ላይ ትምህርትና የአባላት መጠያየቂያ የሚገኝበት ቦታ) ውስጥ አባል ከሆንኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ እና "ኮርሱን ጨርሻለሁ፣ እየከፈልኩ ልቀጥል ወይስ ልውጣ" ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ በዝቷል። አገባቡን ሁሉም ያስተምራል አቆያየቱን ግን የሚያስተምር አላየሁም ለዛ ነው ይሄን የምፅፈው።

መጀመሪያ ስራው በደንብ ይግባን። በግ ተራ ያለ ደላላ በጉ ካልተሸጠ አይከፈለውም አይደል፣ አፊሊየትም እንደዛ ነው፣ ሰው ሳይታችሁ ላይ ባስቀመጣችሁት ሊንክ ገብቶ ከሌላ ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ነው ኮሚሽን የሚገባላችሁ። የኢንተርኔት መደብሩ አማዞን ይሄን ፕሮግራም የጀመረው እንደነሱ አቆጣጠር በ1996 ነው፣ ሊንካችሁን የነካ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከገዛ ይቆጠርላችኋል፣ በነዛ 24 ሰዓታት ውስጥ ቅርጫት ውስጥ ከከተተው ደግሞ እስከ 90 ቀን ይጠበቅላችኋል። አዲስ አካውንት በ180 ቀን ውስጥ 3 ሽያጭ ካላመጣ ይዘጋል። ለራሳችሁ ገዝታችሁ ኮሚሽን መውሰድም ክልክል ነው። ዕቃ ሳይሸጥ ሰው ስላስገባችሁ ብቻ የሚከፍል ነገር ካያችሁ ግን እሱ አፊሊየት አይደለም፣ ፒራሚድ ነው፣ ጥሩ ስም ቢሰጡትም ከዛ ውጡ።

አሁን ወረቀት አውጡና አስሉ። በዚህ ስራ ውስጥ በወር 49 ዶላር የተለመደ የአባልነት ዋጋ ነው። ኮሚሽናችሁ 4 ፐርሰንት ከሆነ ያቺን 49 ዶላር ለመመለስ ብቻ በናንተ ሊንክ የ1,225 ዶላር ዕቃ መሸጥ አለበት። በየወሩ። በብር ሲሆን ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ስለነበር ክፍያው ወደ 2,800 ብር ነበር፣ ወዲያው ግን ዶላሩ ከ100 ብር አለፈና ያው 49 ዶላር ወደ 5,000 ብር ተጠጋ፣ ኮሚዩኒቲው አምስት ሳንቲም ሳይጨምርብን ማለት ነው። ስለዚህ የክፍያውን ነገር በስሜት አትወስኑት። ዓመቱን በአንዴ መክፈል የሚችል ሰው ብላክ ፍራይደይን (የፈረንጆቹን ትልቅ የቅናሽ አርብ) ይጠብቅ፣ ብዙዎቹ ያኔ ቅናሽ ያወጣሉ፣ ቀኑን ለማስታወስ ከፈለጋችሁ ሁልጊዜ በኅዳር ሚካኤልና በኅዳር ፅዮን መሀል ነው የሚውለው። ገንዘብ አገባቡንም ቀድማችሁ አጣሩ፣ ፔይፓል እኛ አገር ላይ መላክ እንጂ መቀበል አያስችልም፣ ይሄን ሳያውቅ ስድስት ወር ለፍቶ ኮሚሽኑን የሚያወጣበት ያጣ ልጅ አውቃለሁ በጣም ነው ያዘንኩት።

ታዲያ ኮርሱ በሦስት አራት ወር የሚያልቅ ከሆነ ለምን ይቆያል? ለሰዎቹ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው።

ብዙ ሰው ኮሚዩኒቲ ውስጥ ሲገባ ደቦ የጠራ ነው የሚመስለው፣ ጥያቄውን ይለጥፍና ሁሉም መጥቶ እንዲያርምለት ይጠብቃል፣ ደቦ ግን ድግስ ይፈልጋል፣ አዲስ ገቢ ደግሞ የሚደግሰው የለውም። የሚያዋጣው ወንፈል ነው፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሰው መረጥኩ፣ አንዱ ኬንያ ነው፣ ሁለቱ ፊሊፒንስ ናቸው፣ በጣም ጎበዞቹን አይደለም የመረጥኩት፣ ከኔ ጋር አንድ ደረጃ ላይ ያሉና ጥያቄ ጠይቀው መልሱን በስራ ላይ አውለው "እንዲህ ሆነ" ብለው ተመልሰው የሚናገሩትን ነው። በየቅዳሜው የአንዳችንን አንድ ገፅ አራታችንም ቁጭ ብለን እናነባለን፣ ተራው ወር ሲሞላ ተመልሶ ይመጣል። እስካሁን አላቋረጥንም።

የኔ ሳይት በእንግሊዝኛ ነው፣ የበግ ጠጉር በእጅ ለሚፈትሉ ሰዎች፣ እንዝርት፣ ማበጠሪያ፣ እንደዚህ ያሉ ዕቃዎች። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፣ ባና የሚሰራበትን ክር ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን የመጀመሪያ ፅሁፎቼን ያንን ሁሉ ትቼ ከሌላ ሳይት እያየሁ ነበር የፃፍኳቸው፣ ነክቼው የማላውቀውን ማበጠሪያ "ምርጥ" እያልኩ። የፊሊፒንሷ ልጅ አንድ ቅዳሜ አንብባ "ይሄን ዕቃ በእጅሽ ይዘሽው አታውቂም አይደል?" አለችኝ። አፈርኩ፣ እውነቷን ነበር። በሳምንቱ መሀል ሜዳ ሄጄ ከእናቴ ጋር ሁለት ቀን ዋልኩ፣ የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ስለሆነ እሷ ከመፍተሏ በፊት እንዴት እንደምታፍታታው፣ እንዝርቱ ሲከብድ ክሩ ለምን እንደሚበጠስ፣ ሁሉንም ፎቶ አንስቼ ፃፍኩ። ከዛ በፊት 40 ፅሁፍ ነበረኝ፣ የመጀመሪያዋን ሽያጭ ያመጣችው ግን ያቺ አንዷ ናት። ቪዲዮ ኮርስ ይሄን አይነግራችሁም፣ ሰው ነው የሚነግራችሁ፣ እሱም ስራችሁን ለረጅም ጊዜ ያየ ሰው።

የቀጥታ ትምህርቶችን በተመለከተ ሰዓቱን አስተካክሉ። አሜሪካ ምሥራቅ ላይ ማታ 8 ሰዓት የሚባለው እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ እነሱ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰዓት ሲቀይሩ 10 ይሆናል፣ መጋቢት መግቢያ ላይ ወደ 9 ይመለሳል። በደብረ ብርሃን ብርድ በዛ ሰዓት መነሳት ቀላል አይደለም መብራትም ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ ቀረፃውን ቆይታችሁ እዩ፣ ጥያቄ ያላችሁ ቀን ብቻ ተነሱ።

ሌላው ትልቅ አደጋ ኮሚዩኒቲው ራሱ ስራ መስሎ መታየቱ ነው። የሰው ፖስት ማንበብ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ማለት፣ አዲስ ኮርስ መጀመር፣ ቀኑ ሙሉ ያልቃል እና የሰራችሁ ይመስላችኋል ሳይታችሁ ላይ ግን አንድ መስመር አልተጨመረም። ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬት የመንዝ ሰው እንዴት እንዳቆየው ታውቃላችሁ፣ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ሲደርስ በጋራ ከፍቶ ያጭዳል፣ እንደገና ይዘጋል። እኔም ኮሚዩኒቲውን ሦስት ሳምንት እዘጋዋለሁ፣ ከቅዳሜው ወንፈል በስተቀር አልገባም፣ በአራተኛው ሳምንት ከፍቼ የተጠራቀመውን ጥያቄ ሁሉ እጠይቃለሁ የሌላውንም እመልሳለሁ። ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ የምፅፈው በእጥፍ ጨምሯል።

መቀጠል አለመቀጠላችሁን ጥር ላይ እንዳትወስኑ። ፈረንጆቹ በብዛት የሚገዙት ከብላክ ፍራይደይ እስከ ገናቸው ነው፣ እኛ እህል በምንሰበስብበት ጊዜ ማለት ነው፣ ከዛ ጥር ላይ ገቢው ዝቅ ይላል፣ ያኔ ተስፋ ቆርጦ የሚወጣ ብዙ ነው። ታኅሣሥ ላይም በደስታ የሁለት ዓመት እንዳትከፍሉ። ዓመቱን ሙሉ ደምሩና ለ12 አካፍሉት።

ማዕበልም ይመጣል። አማዞን በነሱ አቆጣጠር በ2020 ሚያዝያ ኮሚሽን ሲቀንስ የቤት ዕቃ ከ8 ወደ 3 ፐርሰንት ወርዷል። በ2023 መስከረም ላይ ደግሞ ጉግል ፍለጋውን ሲያስተካክል የብዙ ሪቪው ሳይቶች (ዕቃ የሚገመግሙ ሳይቶች) ጎብኚ ወደቀ፣ የኔም ወርዷል። እንደዛ ባለ ሳምንት የድሮ አባል ዋጋው ይታያል፣ አዲሶቹ ሲደናገጡ ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ያለፈባቸው ሰዎች የትኛው ገፅ እንደወደቀ፣ የትኛው እንደተረፈ እያነፃፀሩ ያሳዩናል። እኔ የተረፉልኝ የእናቴ እጅ ፎቶ ያለባቸው ገፆች ናቸው። ጉግል ባይልክልኝም አንባቢዬን እንዳገኘው የአንባቢ ኢሜል መሰብሰብም ያኔ ነው የጀመርኩት፣ እናንተ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ።

አንድ ነገር በግልፅ ልናገር። አብዛኞቹ ኮሚዩኒቲዎች ራሳቸው አፊሊየት ፕሮግራም አላቸው፣ አዲስ አባል ካመጣችሁ ይከፍሏችኋል። ህጋዊ ነው፣ ችግር የለውም። ግን የራሱ ሳይት ብር አምጥቶ የማያውቅ ሰው "ኑ ብር ይሰራበታል" ብሎ የሰፈሩን ልጅ ሲጠራ ልክ አይደለም፣ በተለይ እዚህ ከቤተሰብ ለምኖ የሚከፍል ልጅ ላይ። እኔ ከማስገባቴ በፊት ገቢዬንም ወጪዬንም አሳየዋለሁ፣ የኮሚዩኒቲውን ነፃ ክፍል ጨርሶ አምስት ፅሁፍ ሳይፅፍ እንዳይከፍልም እነግረዋለሁ። አንባቢዎቻችሁ ላይም እንደዛው፣ ኮሚሽን እንደምታገኙ ከሊንኩ አጠገብ ፃፉ፣ የአሜሪካ ህግም ያስገድዳል።

በመጨረሻ፣ ለመቆየት ያሰበ ሰውም መውጫውን ያዘጋጅ። ዶሜይኑ (የሳይታችሁ አድራሻ) በራሳችሁ ስምና ኢሜል የተመዘገበ ይሁን፣ ሳይቱን በወር አንዴ ኮፒ አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ የኢሜል ዝርዝሩንም አውርዱ። ኮሚዩኒቲው ሆስቲንግም (ሳይቱ የሚቀመጥበትን ሰርቨር) የሚሰጥ ከሆነ አባልነቱ ሲቆም ሳይቱ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ በፅሁፍ ጠይቁ። ዶሜይን ከተመዘገበ ወይም ከተዘዋወረ በኋላ በተለምዶ ለ60 ቀን ወደ ሌላ ድርጅት አይዛወርም፣ ስለዚህ መውጣት ያሰባችሁ ቀን ሳይሆን ክፍያችሁ ከማለቁ ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።