የፊሊፒንስን ቀደምት አመጾች በጎንደር ክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምር

የፊሊፒንስ ደሴቶች ሰዎች በስፔን አገዛዝ ላይ ያነሷቸውን ቀደምት አመጾች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለማስተማር የሚዘጋጅ መምህር መጀመሪያ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ከ1565 እስከ 1898 የዘለቀውን ዘመን በሙሉ የአንድ ሕዝብ አንድ ተጋድሎ አድርጎ ማቅረብ ነው። እንዲህ ሲቀርብ ተማሪው ስምና ዓመት ሸምድዶ ይወጣል እንጂ ሰዎቹ ለምን እንደ ተነሡ አይገባውም። በዚያን ጊዜ «ፊሊፒናዊ» የሚለው ስም በደሴቶቹ ለተወለደ ስፔናዊ የሚሰጥ ነበር፤ የቦሆል ሰው ግን የቦሆል ሰው፣ የኢሎኮስ ሰውም የኢሎኮስ ሰው ነበር። ስለዚህ በእያንዳንዱ አመጽ ላይ «ከእነዚህ ሰዎች ምን ተወሰደባቸው?» የሚለውን ጥያቄ በሰሌዳው ራስጌ ጽፈው ትምህርቱ እስኪያልቅ አያጥፉት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ለተማሪዎቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ከእኛ ዘመን ጋር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያዩ ማነጻጸሩ ሲጀመር ግራ መጋባት ይፈጠራል።

ከጉልበት መጀመር ይሻላል። ስፔን ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለው ወንድ በዓመት 40 ቀን የግዳጅ ሥራ እንዲሠራ ታዝዝ ነበር፤ ከሥራዎቹም እጅግ የሚከብዱት ለመርከብ የሚሆን ግንድ ከጫካ ቆርጦ መጎተትና በማኒላ አጠገብ ባለው ወደብ በካቪቴ መርከብ መሥራት ነበሩ። ቁጥሩን ብቻ ተናግረው አይለፉ። ቤተሰቦቹ በደምቢያ የሚያርሱ ተማሪ ካለ ያስነሡና አባቱ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ 40 ቀን ከቤት ቢወሰድ ጤፉን ማን እንደሚያጭድና ማን እንደሚወቃ ይጠይቁት። እኔ ይህን ስጠይቅ አንዲት ልጅ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ «እኛማ ዓመቱን እንራባለን» አለችኝ፤ የግዳጅ ሥራን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ በሳማር ደሴት የፓላፓግ ሰዎች በ1649 በሱሙሮይ መሪነት ለምን እንደ ተነሡ ቢጠይቁ መልሱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሰጡዎታል፤ ምክንያቱ የቪሳያስ (ሳማር የሚገኝባቸው የመካከለኛው ደሴቶች) ሰዎች ባሕር ተሻግረው በካቪቴ እንዲሠሩ መታዘዛቸው ነበር። በ1660 ፍራንሲስኮ ማንያጎ በፓምፓንጋ የመራው አመጽም ከግንድ ቆረጣና ካልተከፈለ ደመወዝ የመጣ በመሆኑ በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል።

ሃይማኖትን የተመለከተው ክፍል ለጎንደር ተማሪ ቅርብ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያሻውም ስለ ቅርበቱ ነው። በ1621 በቦሆል ደሴት ታምብሎት የተባለ የአያቶች እምነት ካህን፣ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባቶች ለበዓል ወደ ሴቡ በሄዱበት ወቅት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ወደ ቀድሞ አምልኮው እንዲመለስ ቀሰቀሰ። በዚያው ሰሞን በሌይቴ ደሴት ባንካው ተነሣ፤ ይህ አለቃ በ1565 ስፔናውያንን በሰላም ተቀብሎ የተጠመቀ ሰው ሲሆን፣ በእርጅናው ዘመን ግን ለዲዋታዎች፣ ማለትም ለቀድሞዎቹ መናፍስት፣ የማምለኪያ ቤት አሠራ። እዚህ ላይ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበሉት በ1622 መሆኑን፣ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝም በዚያው ዓመት በጎርጎራ መሞቱን በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ሆኖም ሁለቱ ታሪኮች አንድ ናቸው አይበሉ። እኛ ዘንድ እምነቱን ያወጀው የአገሩ ንጉሥ ሲሆን የተነሣበት ሕዝብም ጥንት ክርስቲያን ነበር፤ በቦሆል ግን ገዢውም እምነቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ታምብሎትን «ጠንቋይ» ብሎ መጥራትም አይገባም፤ ቃሉ የተማሪውን ፍርድ አስቀድሞ ይዘጋዋል።

ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን የዳጎሆይ አመጽ ነው። ፍራንሲስኮ ዳጎሆይ በቦሆል የጭቃ ሹም ያህል ሥልጣን ነበረው። ወንድሙ ሳጋሪኖ፣ ጋስፓር ሞራሌስ በተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ታዝዞ እምነቱን የካደ ሰው ሊይዝ ሄዶ ተገደለ፤ ቄሱም ሰውየው በግል ጠብ ሞተ ብሎ ክርስቲያናዊ ቀብር ከለከለው። ሬሳው ሦስት ቀን ሳይቀበር እንደ ቆየ ይተረካል። ይህን ሲያነቡ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ትንሽ ዝም ይበሉ፤ ፍትሐት መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ለጎንደር ልጅ ማብራራት አያስፈልግም። በ1744 የተጀመረው ይህ አመጽ በተራራ መሽጎ እስከ 1829 ቆየ፤ 85 ዓመት ማለት ነው። ዳጎሆይ ከሞተ በኋላ እንኳ ተከታዮቹ ቀጠሉበት።

በ1762 እንግሊዞች ማኒላን ሲይዙ በኢሎኮስ የተነሣው ዲዬጎ ሲላንግ በ1763 በሰው እጅ ተገደለ፤ ሚስቱ ጋብሪዬላም ጦርነቱን ይዛ ከቀጠለች በኋላ በዚያው ዓመት ተሰቀለች። የሴት መሪ ስም ሲሰሙ ልጃገረዶቹ ይበልጥ ስለሚጠይቁ ጊዜ ይተዉላቸው።

አመጾቹ ለምን እንደ ከሸፉ ሲጠየቁ የስፔንን መሣሪያ ብቻ አይጥቀሱ። ታምብሎትን ለመውጋት ከሴቡ የሄደው ጦር 50 ያህል ስፔናውያንና ከ1,000 የሚበልጡ የደሴቶቹ ተወላጆች ነበሩበት። ቋንቋና ባሕር የለያያቸው ሰዎች አንዱ የሌላውን አመጽ ሲደመስስ መኖሩን ሳይሸፋፍኑ ያስተምሩ። ከዚህም ጋር፣ ወደ እኛ የደረሰው ጽሑፍ በአብዛኛው የመነኮሳትና የሹማምንት በመሆኑ፣ «ሰይጣን አሳታቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገኝ ጸሐፊው ማን እንደሆነና ማንን ይፈራ እንደነበር ተማሪዎቹ እንዲጠይቁ ያለማምዷቸው።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የሚቻል ከሆነ ተማሪዎቹን ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ወዳሠሩበት ወደ አዘዞ ይውሰዷቸው። እዚያ ቆመው እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ገጽ እንዲመልስ የሚሰጡት የቤት ሥራ ይህ ነው፦ በ1632፣ ማለትም በ1624 ዓ.ም.፣ የእኛ ንጉሥ የቀድሞውን ሃይማኖት ሲመልሱ፣ የቦሆል ሰው «የቀድሞ እምነቴ ይመለስልኝ» የሚል አቤቱታ የሚያቀርብለት ማን ነበረው?